በሞቴ፣ አትጣል!

ገና ሲቃረብ ዲያስፖራው በቦሌ ይገባል። ከአሜሪካ ለሚመጣ መንገደኛ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል፤ ከ46ቱ ኪሎ ውስጥ የራሱ የሚባለው ግን ከጥርስ ብሩሽና ከሁለት ካኔተራ አይዘልም። የቀረው የአክስት ጫማ፣ የአጎት የደም ግፊት መለኪያ፣ የጎረቤት ልጅ ታብሌት፣ ማን ለማን እንደላከው የማይታወቅ ቫይታሚን ነው። ባለፈው የገና ሰሞን ከላስ ቬጋስ የመጣው የገርጂ ልጅ ደግሞ በዚህ ሁሉ ጭነት ላይ ኪሎ የማይቆጥር ስጦታ ጨመረልን፦ ፖከር።

ስለ ላስ ቬጋስ ትንሽ ልበል። በኔቫዳ በረሃ መሃል ያለችው ይህች ከተማ ሌሊቱን የምታነጋው በሐበሻ ጉልበት ጭምር ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ሆቴል ውስጥ የሚያስተናግደው፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድለው ያገሬ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ በ2023 እ.ኤ.አ. የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር አንዱን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ሰይሞታል። የእኛ ልጅ ካርታ ከሚያድሉት አንዱ ነው። ዲለር ይባላል። ዲለር አይጫወትም፤ ይበውዛል፣ ያድላል፣ ያሸነፈውን ያስረክባል፣ ቲፕ ይቀበላል። እናቱ ሰው ሲጠይቃቸው «ሆቴል ነው የሚሠራው» ብለው ወሬውን ይቀይራሉ።

ትምህርቱ የተሰጠው ገርጂ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ቤት በ1996 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረበት ሰፈር፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ ወዳጃችን ሳሎን ውስጥ። ተማሪዎቹ የቤቱ ባለቤት፣ አንድ የሂሳብ መምህር፣ ሰሚት በኩል ሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ፣ አንድ የ97 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢና እኔ ነን። የባንክ ሠራተኛው እናት፣ ሁላችንም ማዘር የምንላቸው፣ ከጓዳ ሆነው ይቆጣጠራሉ።

መጀመሪያ ፈቃድ አልተገኘም። ማዘር «ቁማር በቤቴ አይገባም!» አሉ። ይህን ሲሉ ቡፌው ላይ ከመድኃኔዓለም ሥዕል ሥር የሎተሪ ቲኬት ተሰክቶ ይታያል። ልጃቸው ወደ ቲኬቱ በአገጩ ጠቆም ቢያደርግ «እሱ ዕድል ነው! መንግሥት ነው የሚያጫውተው!» ብለው ዘጉት። እውነት ነው፤ ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ሥራ ነው፤ ያለ ፈቃድ በገንዘብ መቆመር ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል። ሕጉም ከማዘር ጋር ሆነ። ስለዚህ በገንዘብ ላለመጫወት ተስማማን።

ታዲያ በምን እንጫወት? በካዚኖ ገንዘቡ የሚለወጠው በቺፕስ ነው። አንዱ ቺፕስ 11 ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናል። ልጃችን 300 ያህል ቢያመጣ ሦስት ኪሎ ተኩል ሊሆንበት ነው፤ ሦስት ኪሎ ተኩል ማለት የሁለት አክስት ጫማ ነው፤ ስለዚህ ቺፕሱ ቬጋስ ቀረ፣ ጫማው መጣ። ቺፕስ አለመኖሩን የሰሙት ማዘር «ለዚህ ነው የምትጨነቁት? ድንች አለ፣ እጠብስላችኋለሁ» አሉን። በመጨረሻ ቆሎ ቀረበ። ገብሱ አንድ፣ ሽምብራው አምስት፣ ኦቾሎኒው ሃያ አምስት ይሁን ተባለ። በዚህ ውሳኔ ላይ ያለውን አደጋ ያየ ሰው አልነበረም።

ካርታ ለእኛ አዲስ አይደለም። ኮንከር የማይችል ሰው በመካከላችን የለም፤ በዩኒቨርሲቲ ዶርምም፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅ ሚኒባስ ውስጥም ተጫውተነዋል። ስለዚህ ትምህርቱን የጀመርነው በንቀት ነው። በቴክሳስ ሆልደም ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ብቻ በስውር ይሰጠዋል፤ ከዚያ አምስት ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም በጋራ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ፍሎፕ፣ አራተኛው ተርን፣ አምስተኛው ሪቨር ይባላሉ። ከሰባቱ ምርጥ አምስቱን ያቀናጀ ይወስዳል። በየመሃሉ ውርርድ አለ፤ ተራህ ሲደርስ ከፊትህ ያስያዘ ሰው ከሌለ በነፃ ታልፋለህ፣ ካለም የተጠየቀውን ከፍለህ ትቀጥላለህ፣ ወይም ጭማሪ ትጠይቃለህ፣ ወይም ካርታህን ትጥላለህ። ይኸው ነው። «ይህን ለመማር ነው አሜሪካ ድረስ የሄድከው?» አለ ነጋዴው።

የካርታዎቹን ማዕረግ መምህሩ ተረከበ። ከታች ወደ ላይ፦ ባዶ እጅ፣ አንድ ጥንድ፣ ሁለት ጥንድ፣ ሦስት አንድ ዓይነት፣ ተከታታይ አምስት ቁጥር፣ ፍለሽ የሚባለው አምስት አንድ ዓይነት ምልክት፣ ሦስትና ሁለት የሚጣመሩበት ፉል ሃውስ፣ አራት አንድ ዓይነት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ምልክት የተከታተለ አምስት። ነጋዴው ወዲያው ተቃወመ፤ ተከታታይ ቁጥር ማግኘት ይከብዳል፣ ስለምን ከፍለሽ በታች ይሆናል? መምህሩ የናፕኪን ወረቀት ስቦ አሰላ። ከ52 ካርታ አምስት አምስት እየተመዘዘ ሊገኝ የሚችለው ጥምረት 2,598,960 ነው። ከዚህ ውስጥ ተከታታዩ 10,200፣ ፍለሹ 5,108 ነው። ማዕረጉ የወጣው በብርቅነት ነው፤ ማንም በሽምግልና አልወሰነውም። ከአስር እስከ አስ በአንድ ምልክት የሚሰለፈው ሮያል ፍለሽ አራት ብቻ ስለሆነ ከ649,740 አንዴ ነው የሚገኘው። ከዚያ መምህሩ ብዕሩን አስቀምጦ በዝቅተኛ ድምፅ «1,302,540ው ደግሞ ምንም የሌለው ባዶ እጅ ነው» አለ። ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። የ97ቱ ተመዝጋቢ ብቻ አልደነገጠም።

እሱን ላስተዋውቃችሁ። ሐምሌ 2014 ላይ ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ስሙ ወጥቶ ነበር። ዘመድ ደወለለት፣ በግ ታረደ፣ የመጋረጃ ልክ ሊወሰድ ሁሉ ታስቦ ነበር። በቀናት ውስጥ በኮምፒውተሩ ሥርዓት ላይ ማጭበርበር መገኘቱ ተገለጸና ዕጣው ተሰረዘ፤ በጉ ግን አልተሰረዘም። ከዚያ ወዲህ ይህ ሰው ማናቸውንም ብወዛ በዓይኑ ካላየ አያምንም። ዲለራችን ካርታውን ሦስቴ በውዞ ሊያድል ሲል «ቆይ!» አለ። አራተኛ ተበወዘ። «አሁንም!» አለ። እንደ አጋጣሚ ሳይንሱ ከእሱ ጋር ሆነ፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ዴቭ ቤየርና ፐርሲ ዳያኮኒስ የተባሉ ሁለት የሂሳብ ሊቃውንት፣ ሁለተኛው ሰውዬ አስማተኛም የነበረ፣ 52 ካርታ ለሁለት ተከፍሎ እየተጠላለፈ ሲበወዝ በሚገባ የሚደባለቀው ሰባት ጊዜ ሲደርስ መሆኑን አሳይተዋል። ሰባት ሲባል ማዘርም ከጓዳ «እንዲያ ነው!» አሉ፤ ሰባት ቁጥር ለእሳቸው ማስረጃ አይፈልግም።

ዲለሩ ሦስቱን የጋራ ካርታዎች ከመግለጡ በፊት ከላይ ያለችውን አንዷን ሳያሳየን ወደ ጎን ጣላት። ደንብ ነው፤ ምናልባት ጀርባዋ ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ካለ እንዳይጠቀም። የ97ቱ ተመዝጋቢ ግን ተነሥቶ ቆመ። «እቺ ምን አጠፋች? ለማን ተሰጠች?» ለማንም አለመሰጠቷን ለማስረዳት ቡና አንድ ጀበና አለቀ። ሌላው ግራ ያጋባን የዲለሩ እጅ ነበር። ከመቀመጫው በተነሣ ቁጥር ሁለት እጁን አጨብጭቦ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ያሳያል። በካዚኖ ከጣሪያው ላይ ያለው ካሜራ ዲለሩ ምንም ይዞ እንዳልሄደ እንዲያይ ነው፤ ከዓመታት ብዛት ሽንት ቤት ሲሄድም ሳያውቀው ያደርገዋል። ማዘር ባዩት ቁጥር «ጸሎቱን አልተወም፣ የተባረከ ልጅ» ይላሉ።

ብለፍ የሚባለውን፣ የሌለህን እንዳለህ አስመስሎ ሰውን ማስፈራራት፣ ሊያስተምረን ሲጀምር ግን አስተማሪው ተማሪ ሆነ። ማይክ ካሮ የሚባል አሜሪካዊ በ1984 እ.ኤ.አ. የቁማርተኞችን ገጽታ ስለማንበብ የታወቀ መጽሐፍ አውጥቷል፤ የመጽሐፉ ፍሬ ነገር ሰው ጥሩ ካርታ ሲይዝ እንደ ደከመ፣ ባዶ ሲሆን እንደ በረታ ያስመስላል የሚል ነው። ነጋዴው ይህን ሲሰማ በትዕግሥት ሳቀ። እሱ ሱቁ ውስጥ ቆሞ «ገበያው እንዴት ነው?» ሲባል «ምን ገበያ አለ ብለህ ነው!» እያለ ነው ሁለተኛውን መጋዘን የተከራየው። ያለው ሰው አለኝ አይልም፤ የሌለው ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ዝም ይላል። ከዚህ ፊት ላይ ምን ይነበባል? ጥሩ ካርታ ሲደርሰው ነጋዴው ትካዜ ገባው፣ ግብር አነሣ፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ አነሣ፣ ከዚያ በረጅሙ ተንፍሶ ሦስት ኦቾሎኒ ገፋ አደረገ። አዘንንለትና ሁላችንም ከፈልን። ሦስት አስ ይዞ ነበር።

ጆን ቮን ኖይማን የሚባለው የሀንጋሪ ተወላጅ ሊቅ ስለ ጨዋታ ንድፈ ሐሳብ የጻፈው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1944 ከኦስካር ሞርገንሽተርን ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ፖከር ውስጥ አልፎ አልፎ መዋሸት ጥበብ ብቻ ሳይሆን በስሌት የሚፈለግ ነገር መሆኑን አስረድቷል። ምንጊዜም እውነቱን የሚያስይዝ ሰው ጥሩ ካርታ ሲደርሰው ማንም አይከተለውም፤ ስለዚህ ጥቂት ውሸት ለእውነቱ ዋጋ ያወጣለታል። ይህን መርካቶም፣ ሾላ ገበያም፣ መገናኛም ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። እስከዚህ ድረስ እኛ ፖከር ለመማር የተፈጠርን ሰዎች መሰልን።

ችግሩ የመጣው ከመጣል ላይ ነው።

«ካርታህ ደካማ ከሆነ ትጥለዋለህ» አለን ዲለሩ። «ፎልድ ይባላል። ጥሩ ተጫዋች ከሚደርሰው ካርታ አብዛኛውን ሳይጫወትበት ይጥላል። መሃል የገባው ቆሎ ደግሞ ያንተ አይደለም። ስታስይዘው ከእጅህ ወጥቷል። ‹እስካሁን ያስያዝኩትስ?› ብሎ የሚቀጥል ሰው አለቀለት፤ በየሌሊቱ የማየው እሱን ነው።» ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን። ገባን።

በሚቀጥለው ዙር መምህሩ ካርታውን አየት አደረገና ቀስ ብሎ ጣለው።

«ምነው?» አለ የቤቱ ባለቤት።

«ካርታዬ ጥሩ አይደለም።»

«ጨዋታው አልተስማማህም?»

«ኧረ በጣም ደስ ብሎኛል!»

«ታዲያ ምን አስቀየምንህ? ገና ከመቀመጥህ?»

«በሞቴ፣ አትጣል!» አለ ነጋዴው። «ለእኔ ስትል አንዴ ግባ! አፈር ስሆን!»

ማዘር ከጓዳ ብቅ አሉ። «ምነው እሱ ልጅ አይጫወትም? አሞታል እንዴ?»

መምህሩ ግንባሩ ላብ አወጣ። የሂሳቡን ስሌት ያወቀው እሱ ነው፤ ከግማሽ በላይ ባዶ እጅ መሆኑን በናፕኪን ላይ የጻፈው እሱ ነው። ግን አምስት ሰው «በሞቴ» እያለው በየትኛው ስሌት ይመክታል? እጁን ዘርግቶ ካርታውን አነሣ። ዲለሩ ጮኸ፤ «የወደቀ ካርታ አይነሣም!» የቤቱ ባለቤት ግን «የኛ ሰው ነው፣ ይነሣለታል» ብሎ አስተካከለው። መምህሩ ገባ፤ ተበላም።

ከዚህ በኋላ ጨዋታው የቴክሳስ መሆኑ ቀረ። የቤቱ ባለቤት አንድ ትልቅ ክምር ሲያሸንፍ «አንተ ልጆች አሉህ» ብሎ ግማሹን ለመምህሩ መለሰለት። ነጋዴው ጭማሪ ጠይቆ የእኔ ተራ ሲደርስ የ97ቱ ተመዝጋቢ «የእሱን እኔ ነኝ የምከፍለው!» ብሎ ሽምብራ ዘረጋ፤ የቤቱ ባለቤት «በቤቴ? ፈጽሞ!» ብሎ እጁን ያዘው፤ ሲታገሉ ክምሩ ተበተነ። ማን ምን ያህል እንዳስያዘ የሚያውቅ ጠፋ። በዚህ ላይ ቆሎው እየሳሳ ሄደ። ሰው ሲያስብ እጁ ሥራ ይፈልጋል፤ እጁ ደግሞ የሚያገኘው ሀብቱን ነው። መጀመሪያ ያለቀው ኦቾሎኒው፣ ማለትም ትልቁ ገንዘብ፣ ነበር። የባንክ ሠራተኛው ሁኔታውን ገምግሞ «ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሬ ተመን የሚወሰነው በገበያ ነው» አለና አንድ ሽምብራን በአሥር ገብስ መመንዘር ጀመረ። ቆጥቦ ያስቀመጠ ተጎዳ፤ የበላ ተጠቀመ።

ዲለሩ እንደ ምንም ሥርዓት ሊያስይዘን ሞከረ። ሁለት ካርታ በ1,326 መንገድ ይደርሳል፣ በዓይነት ሲጠቃለል 169 ነው፣ ከእነዚህ ውስጥ ባለሙያዎች የመጨረሻ ደካማ የሚሉት ምልክታቸው የማይገጥም ሁለትና ሰባት ናቸው አለ። «ይህን ያገኘ ሰው ሁለት ጊዜ አያስብም፤ ይጥላል።» ቀጥሎ ባደለው ዙር ሁለትና ሰባት ለ97ቱ ተመዝጋቢ ደረሱት። ያወቅነው ማዘር ስኒ ሲሰበስቡ በትከሻው በኩል አይተው ስለጮሁ ነው።

«ሃያ ሰባት! መድኃኔዓለም!»

ተመዝጋቢው ሊጥል እጁን አንሥቶ ነበር። «ምን ልታደርግ ነው?» አሉት። «በዚህ ሰፈር ተቀምጠህ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም እየሳምክ አድገህ፣ ሃያ ሰባትን መሬት ልትጥል?» ነጋዴው በበኩሉ ሁለት አስ ይዟል፤ በ221 ጊዜ አንዴ የሚደርስ ካርታ ነው። የተቃራኒውን ካርታ ማዘር ስለነገሩት ሳይጠራጠር ያለውን ገብስ በሙሉ ገፋ። ትካዜ እንኳን አላሳየም። ሁለት አስ ሁለትና ሰባትን ከመቶ ሰማንያ ስምንቱን ያህል ጊዜ ይረታል። ፍሎፑ ተገለጠ፦ ሰባት፣ ንጉሥ፣ ሁለት። ተርኑ ዘጠኝ፣ ሪቨሩ አራት። ሁለት ጥንድ አንድ ጥንድን ይረታል፤ ማዘር እልል አሉ።

«ውሳኔው ትክክል አልነበረም!» አለ ዲለሩ። «ያሸነፈው ዕድል ነው፤ መቶ ጊዜ ቢጫወተው ነጋዴው ነው የሚበላው!» ማንም አልሰማውም። የፖከር አስቸጋሪው እውነት ይህ ነው፤ የተሳሳተ ሰው በሰው ፊት ይሸለማል፣ ትክክል የሠራ ሰው ተሳልቆበት ገብሱን ያስረክባል። መቶኛውን ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ የለም። በየሰፈሩ የቤቲንግ ትኬት ይዘው ግድግዳ የተደገፉት ወጣቶች የሚያወሩትም ባንድ ቅዳሜ ስለበላው ልጅ ነው። የባንክ ሠራተኛው ራሱ ክሪስ መኒሜከር የሚባል የቴነሲ የሂሳብ ሠራተኛ በ86 ዶላር የኢንተርኔት ማጣሪያ ጀምሮ በ2003 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋሱ የዓለም ሻምፒዮና 2.5 ሚሊዮን ዶላር መውሰዱን ሲሰማ ዓይኑ በራ። «የሂሳብ ሠራተኛ? እንደኛ?» ዲለሩ መለሰለት፦ «ተጫዋቾቹ 839 ነበሩ። የ838ቱን ስም ጠይቀኝ።»

ያን ዕለት ማታ ትምህርቱ ፈርሶ እራት ሲቀርብ አንድ ነገር ታየኝ። ፖከር ያደገው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በኒው ኦርሊንስና በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በሚመላለሱት የእንፋሎት ጀልባዎች ነው። ጥጥ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ አጭበርባሪው ባንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ያመሻሉ፤ ነገ እያንዳንዱ በየወደቡ ይወርዳል፣ ዳግመኛ አይተያዩም። እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ላይ «ጥያለሁ» ማለት ምን ያስቸግራል? ማን ይታዘበኛል? እኛ ግን ከማናውቀው ሰው ጋር መች ተቀምጠን እናውቃለን? ከፊቴ ያለው የዕድሬ ዳኛ ነው፣ ከጎኔ ያለው ሚዜዬ ነበር፣ ቡና የሚያቀርቡት የሚዜዬ እናት ናቸው። ማንኛችንም መዋሸት አላቃተንም፣ ፊታችንን መደበቅም አላቃተንም። ያቃተን «ይቅርብኝ» ብሎ ካርታ ማስቀመጥ ነው። ዋናው ተቃራኒያችን ጠረጴዛው ላይ ካርታ የለውም፤ ይሉኝታ ይባላል፣ የማያሸንፍበትም ዙር የለም። ዲለሩ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «ዲሲፕሊን ነው» አለ። «ይለመዳል።»

ከጥምቀት በኋላ፣ ሊመለስ ጥቂት ሲቀረው፣ «ቤቴን ላሳያችሁ» ብሎ ሁላችንንም ወደ አያት ይዞን ሄደ። ከቬጋስ ሆኖ በስልክ ምስል አይቶ የገዛው ባለ ሦስት መኝታ አፓርታማ ነው። በደረስንበት ቦታ ያለው አጥር፣ በአጥሩ ላይ ገንዳ ውስጥ የሚዋኙ የነጮች ፎቶግራፍ፣ ከአጥሩ ጀርባ ደግሞ ውሃ የተኛበት ጉድጓድና ጥቂት የዛገ ፌሮ ነው። ካስረከበው ገንዘብ ብዛት ሦስት ፎቅ ከፍ ብሎ መኖር ነበረበት። የሽያጭ ሠራተኛዋ ፋይል ይዛ ወጣች፤ በዶላሩ ምክንያት ዋጋው መከለሱን፣ የሚቀጥለው ክፍያ መድረሱን፣ ይህ ከተከፈለ ኮንክሪቱ በአስቸኳይ እንደሚሞላ አስረዳች።

የ97ቱ ተመዝጋቢ ጠጋ ብሎ በጆሮው «ወንድሜ፣ ጣል» አለው።

ዲለሩ ጉድጓዱን አየ። ጉድጓዱ ውስጥ እንቁራሪት ትጮኻለች። «እስካሁን የከፈልኩትስ?» አለ።

እርስ በርሳችን ተያየን። መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «መሃል የገባው ያንተ አይደለም ያልከን አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እሱ ሌላ ነው» አለ ዲለሩ። ከዚያ ድምፁን ቀንሶ «ልጅቷ የአክስቴ የክርስትና ልጅ ናት። አሁን እምቢ ብላት ለአክስቴ ምን እላታለሁ?»

ልጅቷ በዚህ መሃል ፈንዲሻና ቡና አስመጥታ ነበር። «ጋሼ፣ በሞቴ! ይቺን ብቻ ይክፈሉልኝ፣ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ያመሰግኑኛል» አለችው። ቡናውን ጠጣ፤ ቡናዋን ጠጥቶ መጣል ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ሆነ። ፈረመ።

ብዕሩን መልሶ ከወንበሩ ሲነሣ፣ ከዓመታት ልማዱ የተነሣ ሳያውቀው እጁን አጨበጨበና ሁለት መዳፉን ወደ ሰማይ ገልብጦ አሳየ።

«አሁንስ እውነቱን ነው» አለ ነጋዴው፤ የቢሮውን ሴራሚክ በጫማው ጫፍ መታ መታ አድርጎ የሽያጭ ሠራተኛዋን «ለአራተኛው ፎቅ ከማን ነው የምትገዙት?» ሲል ጠየቃት።